ምስል አትላኪ

የመጀመሪያ ጥያቄዬን የጻፍኩ ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርድ ነው እንዳልል መንዝ፣ መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ብርድና እኔ እንተዋወቃለን። ፈርቼ ነው። በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ተብዬ ከተመደብኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። በእርዳታ የመጡት አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ እኔ ኮሌጅ የተማርኩት ደግሞ ሌላ። ዳይሬክተሩ «እፀገነት፣ ተማሪዎቹ ሰኞ ይጀምራሉ እንግዲህ» ብለውኝ በሩን ዘግተው ሄዱ። እኔና ኮምፒውተሮቹ ተፋጠጥን።

ችግሬ ይሄ ነበር። በራሴ ስም ገብቼ ስሠራ ሁሉም ነገር እሺ ይላል። እዚያው ስክሪን ላይ ወደ ተማሪዎቹ ስም ተሻግሬ አንድ ፕሮግራም ልክፈት ስል ግን «ስክሪኑን መክፈት አልተቻለም፤ ፈቃድ የለህም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ደግሜ ብሞክር ያው። አጥፍቼ ባበራው ያው። እንባዬ መጣ፤ ለማሽን ማልቀስ ደግሞ አያሳፍርም!

በአማርኛ የሚጠያየቁበት የሊኑክስ ጀማሪዎች መድረክ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። «እፀገነት ከመሐል ሜዳ» ብዬ ተመዘገብኩና ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው?» አለ። ሌላው «መጀመሪያ ፈልጊ፣ ከዚያ ጠይቂ» ብሎ ከት ብሎ የሚስቅ ፊት አስከተለ። ሦስተኛው አንዲት አጭር ትእዛዝ ወረወረልኝ፤ እኔም ሳላመነታ ጻፍኳት፤ ሠራች። እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቆየት ብሎ «ምስክር ዘራቤል» የሚባል ሰው ጻፈልኝ።

«እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁላችንም እዚያው ላይ ተሰናክለናል። አሁን የሰጡሽን ትእዛዝ ግን ቶሎ ሰርዢው። ስክሪኑ የራሱ ባለቤት አለው፤ መጀመሪያ የገባው ሰው ነው ባለቤቱ። በዚያ ትእዛዝ በሩን ከነመቃኑ ነቅለሽ ጣልሽው፤ ማንም ገብቶ የምትሠሪውን ሁሉ ማየት ይችላል። ለሁሉም አትክፈቺ። ለምትፈልጊው ተጠቃሚ ብቻ፣ ስሙን ጠርተሽ ፍቀጂለት። አጻጻፉ ከታች አለልሽ። ሌላው ደግሞ፣ ምስል አትላኪ፤ ጽሑፉን ገልብጠሽ ላኪ።»

ያለውን አደረግሁ፤ ሠራ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የመጨረሻዋ ነገሩ ግን ትንሽ ቆረቆረችኝ። ምን ዓይነት ትእዛዝ ነው? ፎቶ ብልክለት ምን ይጎድልበታል?

*

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላጣሁም። እውነቱን ልናገር፣ ባጣሁ ጊዜም ፈጠርኩ። የሒሳብ መምህሯ ሰብሊ፣ ጓደኛዬ፣ በክፍሉ በር ብቅ እያለች «ደግሞ ዛሬ ምኑ ተበላሸ? አንቺ ልጅ፣ ደህናውን ኮምፒውተር አሳመምሽው እኮ!» ትለኝ ነበር። እኔም «ሂጂ ከዚህ» እላታለሁ፤ ፊቴ ግን ያሳጣኛል።

ከመድረኩ ወጥተን ለብቻችን መጻጻፍ ጀመርን። ምስክር ጊሼ፣ ራቤል ከተማ ላይ የታሪክ መምህር ነው። ሲጽፍ አይቸኩልም። «ዛሬ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ጉንጬን እርጥብ አደረገው። በጎቹ ሲያስሉ ይሰማል። የማሳው ገብስ ሊደርስ ነው፤ ነፋሱ ሲያሻሸው ድምፁ ተለውጧል» ይለኛል። እኔ የጊሼን ገደልም የመንዝን ገብስም ሳውቃቸው ነው የኖርኩት፤ እሱ ሲጽፋቸው ግን አዲስ ይሆኑብኛል። ማታ አባባ ዜና ሲሰሙ እኔ ጥግ ይዤ እሱን አነባለሁ።

«ደውዬ ድምፅሽን ልስማ» ብሎኝ ያውቃል። እንቢ አልኩት። በጽሑፍ ደፋር ነኝ፤ በአፌ ግን ከወንድ ጋር ሳወራ ምላሴ ይተሳሰራል። «በጽሑፍ ይሻለናል» አልኩት። «እሺ፣ እንዳልሽ» አለ። ፎቶ ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

«ፎቶ የማይጠይቅ ወንድ?» አለች ሰብሊ። «ወይ መናኝ ነው፣ ወይ ሚስት አለው። ሦስተኛ የለውም።»

ሳቅሁባት። ልቤ ግን አልሳቀም። ወድጄዋለሁ። ያላየሁትን፣ ያላየኝን ሰው፣ ለማንም በማልናገረው መንገድ ወድጄዋለሁ።

*

በዐቢይ ጾም መሐል፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ። የላኳቸው አቶ ቅጣው ናቸው፤ ለልጃቸው ለምንይሉ እኔን ሊጠይቁ። ምንይሉን ላማው ብል ሐሰት ነው። የራሱ አይሱዙ አለው፣ ትሑት ነው፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ኮፍያውን አውልቆ ነው ሰላም የሚለኝ። አባቴ አቶ ወዳጆ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃቸውን ደብረ ብርሃን የሚያደርስላቸውም ይኸው ምንይሉ ነው። እና ደስ አላቸው። ቢሆንም ወጉን ጠብቀው «ዘር እንቁጠር፣ ልጅቱንም እንጠይቅ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ተመለሱ» ብለው አሰናበቷቸው።

እናቴ ጌታነሽ ጓዳ ገብታ እጄን ያዘችኝ። «ምን ትያለሽ የኔ ልጅ? ልብሽ ውስጥ ሰው ካለ አሁን ተናገሪ።»

ሰው አለ ልበል? ማን ልበል? በኮምፒውተር የማውቀው፣ መልኩን ያላየሁት፣ እወድሻለሁ ያላለኝ ሰው? «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ እማዬ» አልኳት።

በማግሥቱ ሰብሊን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወስጄ ፎቶ እንድታነሣኝ ለመንኳት። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ለምስክር ላክሁለት። ምን ብዬ ልጻፍበት? «ይቺ ነኝ» ልበል? «ሊወስዱኝ ነው፣ ድረስልኝ» ልበል? ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፤ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ አንድ ፊደል ሳልጨምር ፎቶውን ብቻ ለቀቅሁት። ካየኝ ይገባዋል አልኩ። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትላለች?

መልሱ የመጣው ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እያሉ ነው።

«እፀገነት፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ምስል አትላኪ። ከዚህ ምንም አላገኝም። ጽሑፉን ገልብጠሽ ላኪ።»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ተማሪዎቹ ሁሉ ያነበቡት መሰለኝ። ከዚህ ምንም አላገኝም! ሌላው ቢቀር «ደህና ነሽ» አይባልም? እንደ ተበላሸ ስክሪን ቆጥሮ መለሰኝ። ወደ ሽንት ቤቱ በኩል ሄጄ፣ ፎቶውን የተነሣሁበት ቦታ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ እንዳይጽፍልኝ ዘጋሁበት። ማታ እማዬን «እንዳላችሁ ይሁን» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝና ለአባባ ልትነግር ወጣች፤ እኔ እዚያው ጨለማው ውስጥ ቀረሁ።

*

ፋሲካ ዋለ። ቤታችን በግ ታረደ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ እኔ ፈገግ ስል ሰነበትኩ። ሰው ሁሉ «ሙሽሪት» ሲለኝ ሳህን ልሰበስብ እነሣለሁ።

በሳምንቱ መሐል ወደ መድረኩ ገባሁ። ለኮምፒውተሮቹ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ ስሙን ለማየት ነው የገባሁት። አንድ አዲስ ጀማሪ እኔ የጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ጠይቋል፤ እንደ እኔው ፎቶ አያይዞ። ምስክርም እንደ ልማዱ «ምስል አትላክ፤ ጽሑፉን ገልብጠህ ላክ» ብሎታል። ከሥሩ አንዱ ገብቶ «ሰውየው ግልጽ አድርጎ አሳይቶሃል እኮ! ማየት ያቅትሃል እንዴ?» ሲል ተሳለቀበት።

ምስክር እንዲህ ሲል መልሷል።

«አዎ፣ ያቅተኛል። ዓይነ ስውር ነኝ። ኮምፒውተሬ ጽሑፍ ሲያገኝ ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል፤ ፎቶ ሲያገኝ ግን ‹ምስል› ብሎ ዝም ይላል። እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ፣ ስለ ስክሪን የሚመልስላችሁ ሰው ስክሪን እንደማያይ ብታውቁ መልሴን ትንቁታላችሁ ብዬ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ የማከብራት ሰው ሳላስቀይም አልቀረሁም። ምን እንዳደረግኋት ግን አላውቅም፤ እንዳልጠይቃት ዘግታብኛለች። እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ ይታወቅ።»

በስመ አብ! ከዚያ የጻፈልኝን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። የበጎቹ ሳል። የገብሱ ድምፅ። ጉንጩ ላይ ያረፈው ጉም። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ «አየሁ» የሚል ቃል የለም። እኔ ነበርኩ ያላየሁት። እኔ፣ ሁለት ደህና ዓይን ያለኝ!

የዘጋሁትን ከፈትኩና ጻፍኩለት፤ «ቅዳሜ ራቤል እመጣለሁ።»

ሳይዘገይ መለሰ። «እሺ። ሚኒባሱ የሚቆምበት ቆሜ እጠብቅሻለሁ።» ለምን ትመጫለሽ አላለኝም። እኔም ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝም።

*

ለእማዬ የትምህርት ቤት ጉዳይ አለኝ ብዬ ማልጄ ተሳፈርኩ። ራቤል ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ነፋሱ ግን ፊት ይገርፋል። ከሚኒባሱ ሳልወርድ በመስኮቱ አየሁት። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ ነጭ ዘንጉን ፊት ለፊቱ ተክሎ በሁለት እጁ ተደግፎታል። የሚወርደው ሰው ሲያልፍ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል።

ወርጄ ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። እንደዚያ አድርጌ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሳላፍር፣ ዓይኔን ሳልሰብር፣ እስኪበቃኝ። የአንገትጌው ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። ጫማውን አሳምሮ ጠርጎታል። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያበቃ ፊቱ ላይ የነበረው ተስፋ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ፤ ያኔ እንደ ሌባ ቆጠርኩት ራሴን።

«ምስክር» አልኩ።

ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። «ድምፅሽ እንዲህ ነው?»

«እንዴት መስሎህ ነበር?»

«ቀጭን። ስትጽፊ ትቸኩያለሽ፤ ቀጭን ድምፅ ይኖራታል ብዬ ነበር።» ፈገግ አለና ወዲያው ተወው። «መጣሽ።»

ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ የድንጋይ ካብ ሥር ተቀመጥን። ንዴቴ ከመሐል ሜዳ ጀምሮ አብሮኝ ተጉዟል፤ እዚያ ስንቀመጥ ገነፈለ።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«መጀመሪያ አልደበቅሁም፤ የጠየቀኝ አልነበረም። ኋላ ግን ደበቅሁ።» ዘንጉን በጣቶቹ አሻሸ። «እፀገነት፣ እኔ የትም ስገባ ከስሜ በፊት ዓይኔ ነው የሚታወቀው። አንዱ ይመራኛል፣ አንዱ ምጽዋት ሊሰጠኝ ኪሱን ይፈትሻል፤ አስተማሪ ነኝ ስል ይደነግጣሉ። እዚያ መድረክ ላይ ብቻ ስሜ ቀደመልኝ። አንቺ ደግሞ ‹ምስክር፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ› ስትይኝ እንደ ማንኛውም ወንድ ሆንኩ። ብነግርሽ ያ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ በደሌ ይኸው ነው።»

«እኔስ ምን ሆኜ እንደ ከረምኩ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ንገሪኝ። በዚያ ሰሞን የላክሽው ምስል ምን ነበር? ጠዋት ስለ ስክሪኑ ጠይቀሽኝ ነበርና እሱ ነው ብዬ ነው። የትኛው ስህተት ነበር?»

ነፋሱ የወሰደውን ነጠላዬን ሰበሰብኩ።

«ስህተት አልነበረም» አልኩት። «እኔ ነበርኩ።»

አልገባውም መጀመሪያ። ከዚያ ገባው። እጁን ወደ አፉ ወሰደና እንደ ያዘ ቀረ።

«‹ከዚህ ምንም አላገኝም› አልኩሽ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደዚያ ነው ያልኩሽ። ‹ስንት ጊዜ ልንገርሽ› አልኩሽ።» እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። «እኔ የሚያሳየኝ ሰው አጥቼ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንቺ ራስሽ መጥተሽልኝ ደግሞ በር ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብዬዋለሁ፤ ከመምጣቴ በፊት ብዬዋለሁ። አፌ ግን ሌላ አወጣ። «ነገ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ሽማግሌዎች መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ።»

ዘንጉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«እንግዲያ...» አለ። ቃሉን ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ቀስ ብሎ አወጣው። «እንግዲያ እሺ በያቸው። እኔ ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ? ልጄን ለዕውር መሪነት ልትወስዷት ነው ይላሉ። አይፈረድባቸውም። ሽማግሌዎቼ ተዋርደው ከደጅሽ ሲመለሱ፣ አንቺም ስታፍሪ...»

«ዝም በል!» ብዬ ጮህኩ። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን፤ አላፈርኩም። «ማን ለእኔ ወስን አለህ? ለሁሉም አትክፈቺ፣ ስም ጠርተሽ ፍቀጂ ያልከኝ አንተ አይደለህም? እኔ ስም ልጠራ ነው የመጣሁት። አልፈልግሽም ካልክ በል፣ አሁን በለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው እንዳትለኝ ግን!»

ዘንጉን ለቀቀው። ከዚያ እጁን አየሩ ላይ ዘረጋ፤ የት እንዳለሁ አላወቀም። እጄን አቀበልኩት። ብርድ የጠበሰው፣ ሸካራ እጅ ነው።

«ዓይኔ የጠፋው ልጅ ሳለሁ ታምሜ ነው» አለ። «ቀለም ግን አልረሳሁም። ጽድ እንዴት አረንጓዴ እንደሆነ፣ ገብስ እንዴት አረንጓዴ እንደሆነ፣ ለይቼ አውቃለሁ። አንቺን በየትኛው ቀለም እንደማስብሽ ግን አላውቅም። በየቀኑ አስብሻለሁ፤ ቀለም የለሽም። እፈልግሻለሁ እፀገነት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እፈልግሻለሁ።»

ሚኒባሱ እስኪጮህ ድረስ እጄን አለቀቀኝም። ዘንጉ መሬት ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ሰጠሁት። መንገዱን በሙሉ መዳፌ ሞቆኝ ተመለስኩ።

*

ቤት ስደርስ አባባ ግቢው ውስጥ ባናዎቻቸውን ዘርግተው ይመርጣሉ። እማዬ አጠገባቸው ታጥፋለች። ካሰብኩበት እግሬ ይመልሰኛል ብዬ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ነገ ለሽማግሌዎቹ እሺ አይበሉ።»

እጃቸው ሱፉ ላይ ቆመ። «እንዳላችሁ ብለሽ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነው።»

«ሰው አለሽ?»

«አለ። የራቤል ነው። ምስክር ይባላል። መምህር ነው።» ትንፋሼን ሳብኩ። «ዓይኑ አያይም።»

«ወይኔ ልጄን!» አለች እማዬ፤ የያዘችው ባና ከእጇ ወደቀ።

አባባ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ልጄን ያሳደግሁት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያስተማርኩትም፣ ሰው ጎትታ እንድትኖር አይደለም።»

«አባባ፣ እሱን የሚጎትተው የለም። ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው። ማየት እንደማይችል እንኳ አላወቅሁም ነበር። ከእሱ ሌላ ካገባሁ የማገባው ሰው ቤት አልኖርም፤ ልቤ ራቤል ነው የሚኖረው። ምንይሉስ ምን በደለ?»

«ታዲያ እንደ ሰው ለምን ሽማግሌ አይልክም?»

«ይዋረዱብኛል ብሎ ፈርቶ።»

ይቺ ነገር ከሁሉም የባሰ ነካቻቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እኔን? ወዳጆን? ደጄ የመጣ ሽማግሌ እኔ አዋርጄ አውቃለሁ?» ዘንጋቸውን አንስተው ከግቢ ወጡ። ሲመለሱም እራት አልበሉም። እማዬ ስታለቅስ፣ እኔ ደግሞ እሷን ሳይ አመሸን።

*

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔና እማዬ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። ወጉ እንደሚያዘው «ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባባም ተነሥተው ቆሙ።

«ዘሩን ቆጥረናል፣ ንጹሕ ነው» አሉ አባባ። «ልጁም የተባረከ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ አማች የማይመኝ የለም። ግን ልጄን ጠይቄአታለሁ። ልቧ ሌላ ዘንድ ነው። ልቧ ሌላ ዘንድ እያለ ብሰጣችሁ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ለአቶ ቅጣውም ለልጁም ይቅርታ አድርጉልኝ በሉልኝ።» ከዚያ አባቴ፣ ገበያ ላይ ለማንም አንገታቸውን የማይሰብሩት ሰውዬ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አባባ ጠሩኝ። ዓይኔን ሳያዩ፣ በሩ ላይ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ሰጠሁ አላልኩም። እወቂው። ሽማግሌ ይላክ፤ እሱም አብሮ ይምጣ። ሊያገባ የፈለገ ሰው ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ወጉም አይደለም። እሱ ግን ይምጣ። ልየው። እሱም ድምፄን ይስማና የማዋርድ ሰው መሆኔን ራሱ ይፍረድ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ተነሺ፣ ተነሺ፣ ገና ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ግን ተሰብሯል።

*

ሰኞ፣ ተማሪዎቹ ሲወጡ፣ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ያን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩትና ጻፍኩ።

«ምስክር፣ አባባ ና ብለውሃል፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ራስህ። እሺ ብለዋል አልልህም። ና ግን ብለዋል።

ምስል አትላኪ ብለኸኝ ነበር። ይኸው ጽሑፉን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። አንዲት ሴት ቆማለች። ጠይም ናት። ፀሐይ ስለመታት አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች፤ ያም አላሳመራትም። ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ልትስቅ ስትል አፍራ አፏን ስለገጠመች ግን በደንብ አይታይም። አፍንጫዋ የአባቷ ነው። ነጠላዋን ነፋስ ወስዶት ጫፉ ከፎቶው ወጥቷል። ከኋላዋ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር አለ፤ ሰብሊ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልታያትም። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው አታውቅም። የምታየው አንተን ነው። ይቺ ነኝ።»

ላክሁት። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው፤ አነሣሁ።

«ኮምፒውተሩ አነበበልኝ» አለ። «ደጋግሞ አነበበልኝ። በአንቺ ድምፅ ግን ልስማው።»

ምላሴ አልተሳሰረም። በሩን ዘጋሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩለት። ሽንት ቤቱ ጋ ስደርስ ሳቀ፤ «የምታየው አንተን ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ድምፁ ጠፋ። አንብቤ ጨረስኩ።

«የነጠላውን ጥለት ቀለም አልጻፍሽልኝም» አለ።

«አረንጓዴ ነው።»

«የጽድ ነው የገብስ?»

ፎቶውን አነሣሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። እንባዬ እየጋረደኝ ቶሎ መለየት አልቻልኩም።

«የገብስ» አልኩት። «ዝናብ ያገኘ ገብስ።»

«እንግዲህ አየሁሽ» አለ ምስክር።